ልጃችሁ ሃይስኩል እያለ የኮሌጅ ክሬዲት እንዲይዝ፦ ለሲያትልና ለአካባቢው ወላጆች

ይህን የምጽፈው ዘጠነኛ ወይም አስረኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ላላችሁ ነው። ልጁ ራሱ አማርኛ ማንበብ ከቻለ ደግሞ እሰየው፣ አብራችሁ አንብቡት።

የመጀመሪያ ልጄ ሃይስኩል ሲጨርስ በእጁ አንድም የኮሌጅ ክሬዲት፣ ማለትም ኮርስ ሲጨርሱ የሚያዝ ለዲግሪ የሚቆጠር ነጥብ፣ አልነበረም። ጎበዝ ተማሪ ነበር። እኛ ግን እንዲህ ያለ ዕድል መኖሩን አናውቅም ነበር። ከትምህርት ቤቱ አንድ ወረቀት በፖስታ መጥቶ ኖሮ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከቢል ፖስታዎች መሀል አገኘሁት። ቁጭ አድርጎ ያስረዳን ሰው አልነበረም። እህቱ ግን አስራ ሁለተኛን ስትጨርስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪዋንም አብራ ያዘች። ትምህርት ቤቱ ያው፣ የኛም ደሞዝ ያው። በእሷ ጊዜ ሄደን ጠየቅን፣ በቃ።

እሷ የገባችበት ፕሮግራም ራኒንግ ስታርት ይባላል። የዋሽንግተን ስቴት የ11ኛ እና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ኮሙኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ) ሄዶ ይማራል፣ የተማረው ለሃይስኩልም ለኮሌጅም ይቆጠርለታል፣ የትምህርቱን ክፍያ ደግሞ መንግሥት ይሸፍናል። ልጁ የሃይስኩል ተማሪነቱን አይለቅም። ስፖርቱም፣ ክለቡም፣ ምርቃቱም እዚያው ትምህርት ቤቱ ነው። ሲያትል ሴንትራል፣ ሃይላይን፣ ሾርላይን፣ ቤልቪው፣ ግሪን ሪቨር ሁሉም ይቀበላሉ።

ስሌቱን ልብ በሉልኝ። ባለ 5 ክሬዲት የሆነ አንድ የኮሌጅ ኮርስ በሃይስኩል እንደ 1 ሙሉ ክሬዲት ይቆጠራል። ማለትም ሃይስኩል ዓመት የሚፈጀውን ትምህርት በአንድ ኳርተር፣ ሦስት ወር በማይሞላ ጊዜ ይጨርሰዋል። በኳርተር 15 ክሬዲት የወሰደ ልጅ በዓመት 45፣ በሁለት ዓመት 90 ይሞላለታል። 90 ክሬዲት፣ ኮርሶቹ በደንብ ከተመረጡ፣ የሁለት ዓመት ዲግሪ ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ ለስቴቱ ነዋሪ እንኳ ከ12,000 ዶላር በላይ መሆኑን ስታስቡ፣ ነገሩ ለቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ሁሉም ነገር ነጻ ነው ማለት ግን አይደለም። መጽሐፍና አንዳንድ የኮሌጅ ክፍያዎች ከኪስ ይወጣሉ። ገቢያችሁ አነስተኛ ከሆነ፣ ለምሳሌ ልጃችሁ የነጻ ምሳ ተጠቃሚ ከሆነ፣ ክፍያው እንዲነሳላችሁ ጠይቁ፤ መጽሐፍ የሚያውሱ ኮሌጆችም አሉ። አውቶቡሱ አያሳስባችሁ። ከ2022 መስከረም ጀምሮ ዕድሜው 18 እና ከዚያ በታች የሆነ ሁሉ በባስም በባቡርም በነጻ ይሄዳል።

መቼ ነው የሚጀመረው? አስረኛ ክፍል ላይ፣ ክረምቱ ሳይወጣ። እዚህ አገር ክረምት ማለት ታኅሣሥና ጥር መሆኑን አትርሱ። ለካውንስለሩ፣ ለትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ፣ ኢሜይል ጻፉና ቀጠሮ ያዙ። እንግሊዝኛችሁ የማያስተማምን ከሆነ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ በሉ፤ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፣ እናንተ አትከፍሉበትም። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ስለ ራሱ የሚወራውን ልጁ ራሱ ሲተረጉም ነገር ይቀራል፣ አይቼዋለሁ። ቀጠሮው ላይ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ልጄ ለመመረቅ ምን ምን ይቀረዋል፣ ከቀረው ውስጥ የትኛውን ኮሌጅ ሄዶ መውሰድ ይችላል፣ ማመልከቻው መቼ ይዘጋል። መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ አድርጉ።

ከዚያ ልጁ ኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያመለክታል። እንግሊዝኛው ለኮሌጅ የሚበቃ መሆኑ ይታያል፤ አንዳንዱ ኮሌጅ ይፈትናል፣ አንዳንዱ የሃይስኩል ውጤቱን ያያል። ቀጥሎ የምዝገባ ማረጋገጫ ፎርም አለ። ፎርሙ በየኳርተሩ ይሞላል። ይቺን ወረቀት እንደ ቀላል አትዩአት። ልጄና እኔ ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተናት በአንድ በኩል የኮሌጁን ኮርስ፣ በሌላ በኩል የሃይስኩሉን የመመረቂያ ዝርዝር አስቀምጠን አንድ በአንድ ስናስተያይ፣ ታሪክ ነው ብላ የመረጠችው ኮርስ ለመመረቂያ የሚያስፈልጋትን የአሜሪካ ታሪክ እንደማይሞላ አየን። በማግስቱ ተቀየረ። ያኔ ባናየው ኖሮ ኮሌጅ ጨርሳ ሃይስኩል ሳትመረቅ ትቀር ነበር። ስቴቱ ለምረቃ 24 ክሬዲት ይጠይቃል፣ እያንዳንዱም የራሱ ዓይነት አለው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት አስተያዩ።

አሁን ወላጅ ሲሰማው የሚደነግጥበትን ልንገራችሁ። ልጁ ኮሌጅ ከገባ፣ ዕድሜው 16 ቢሆንም፣ የኮሌጅ ውጤቱን የማየት መብት የራሱ ነው። ደውላችሁ ብትጠይቁ ያለ እሱ ፈቃድ አይነግሯችሁም። እንደ ሃይስኩሉ ልጅዎ ዛሬ ክፍል አልገባም የሚል መልእክትም አይመጣም። በየሳምንቱ አብሯችሁ ተቀምጦ ውጤቱን እንዲያሳያችሁ ከመጀመሪያው ተስማሙ። በቁጣ ሳይሆን በስምምነት ይሁን፤ በቁጣ ከሆነ መደበቅ ይጀምራል።

ይህ የሚያስፈልገው ውጤቱ ስለማይፋቅ ነው። 16 ዓመቱ ላይ ያመጣው ኤፍ የኮሌጅ ትራንስክሪፕቱ ላይ ይኖራል። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ የገንዘብ ድጋፍ ሲጠይቅ፣ ሕክምና ልማር ሲል ያዩበታል። የኔዋ በመጀመሪያው ኳርተር ሒሳብ ከበዳት። ኅዳር ላይ ፊቷ ተለወጠ፣ እንቅልፍም አጣች። ኮሌጁ ውስጥ ነጻ የጥናት እርዳታ እንዳለ ያወቅነው ያኔ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን እየሄደች ተረፈች። ልጁ ጭራሽ ካልቻለ ደግሞ ኮርሱን የሚያቋርጥበት የመጨረሻ ቀን አለ። ያንን ቀን ካላንደራችሁ ላይ ጻፉት። ደብልዩ፣ ኮርሱን አቋርጧል የሚለው ምልክት፣ ከኤፍ በብዙ ይሻላል። ለመጀመሪያው ኳርተር አንድ ወይም ሁለት ኮርስ ይበቃል፣ በተለይ ሥራም የሚሠራ ልጅ ከሆነ።

ክሬዲቱ ይቆጠራል ወይ ለሚለው፣ የስቴቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው ይቀበላሉ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ የየኮሙኒቲ ኮሌጁ ኮርስ ከነአቻው ተዘርዝሯል፤ ከመመዝገባችሁ በፊት እዩት። የግል ዩኒቨርሲቲና ሌላ ስቴት ያለው ግን እንደየራሱ ነው፤ ለሃይስኩል ምረቃ የተቆጠረን ክሬዲት የማይቀበሉ አሉ። ኢንጂነሪንግ ወይም ነርሲንግ የሚያስብ ልጅ ደግሞ ዲግሪውን ለመያዝ ብሎ ያገኘውን ሁሉ አይውሰድ። ለሙያው የሚጠየቁትን ሒሳብና ሳይንስ ያስቀድም።

ሌላ ስቴት ያላችሁም አትዘኑ። ሚኒሶታ ተመሳሳይ ፕሮግራም ከ1985 ጀምሮ አላት፣ እዚያ መጽሐፉም ይሸፈናል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ጆርጂያም የየራሳቸው አላቸው። ካውንስለሩን ዱዋል ኢንሮልመንት (ሃይስኩልና ኮሌጅ ጎን ለጎን መማር) ብላችሁ ጠይቁ።

ከትምህርት ቤቱ መውጣት የማይፈልግ ልጅ ኤፒ ይውሰድ፤ እዚያው ሃይስኩል የሚሰጥ፣ መጨረሻው ላይ ፈተና ያለው የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ነው። ፈተናው ግንቦት አካባቢ ነው፣ ምዝገባው ግን ቀደም ብሎ፣ ኖቬምበር አጋማሽ ሳያልፍ ነው። ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ይሰጣል፣ የዋሽንግተን የመንግሥት ኮሌጆች ከ3 ጀምሮ ክሬዲት ይሰጣሉ። አንዱ ፈተና ወደ 100 ዶላር ይሆናል፣ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ቅናሽ አለው። ከዚህ ሌላ አንዳንድ ሃይስኩል ውስጥ የሃይስኩሉ አስተማሪ የኮሌጅ ኮርስ የሚያስተምርበት አለ፤ በስቴቱ የመንግሥት ኮሌጆች በኩል የሚሰጠው ከ2023 ጀምሮ ነጻ ነው።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን አማርኛችን ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ልጁ ቤቱ በሚናገረው ቋንቋ ተፈትኖ የሃይስኩል የውጭ ቋንቋ ክሬዲት ማግኘት ይችላል፣ አማርኛም ፈተና አለው። ይህ የሃይስኩል ክሬዲት ነው፣ የኮሌጅ አይደለም፤ ግን ስፓኒሽ ሊማርበት የነበረውን ሰዓት ነጻ ያደርግለታል፣ እዚያ ላይ የኮሌጅ ኮርስ ይገባል። ሚኒሶታ ያላችሁማ ይበልጥ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሁለት ቋንቋ መቻሉን የሚመሰክረውን የሃይስኩል ማኅተም ላገኘ ተማሪ የሚኒሶታ ስቴት ኮሌጆች ራሱን የኮሌጅ ክሬዲት ይሰጡታል። ችግሩ መጻፉ ላይ ነው። የኔ ልጅ ከአያቷ ጋር በስልክ ስታወራ አገር ቤት ያደገች ትመስላለች፣ ፊደሉ ላይ ግን ሰ እና ሸን ታምታታ ነበር። ሙሉ የዕረፍት ወራቱን የቤተሰብ ቫይበር ላይ በፊደል ብቻ እንድትጽፍ አደረግን። አያቷ በየቀኑ ያርሟታል። መስከረም ላይ ተፈትና አለፈች።

መጨረሻ ላይ የሚረሳ ነገር አለ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ክሬዲቶቹ በራሳቸው አይከተሉትም። የሃይስኩሉን ትራንስክሪፕት መላክ አይበቃም። የኮሙኒቲ ኮሌጁ ትራንስክሪፕት ለብቻው ከኮሌጁ መጠየቅና በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው መላክ አለበት፣ የኤፒውም ውጤት እንዲሁ። ኤፒ በዓመት አንድ ጊዜ፣ እስከ ጁን 20 ከተመረጠ፣ ለአንድ ኮሌጅ በነጻ ይልካል። ከላካችሁ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጁ አካውንቱ ውስጥ ገብቶ ስንት ክሬዲት እንደተመዘገበለት ይይ፣ የጎደለ ካለ ክፍል ሳይጀመር ይጠይቅ።