የትዳር አጋር ቤቱን ጥሎ ሲሄድ፣ አሜሪካ ውስጥ ምን ይደረጋል?

ጥሎ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይሰናበትም። ስልኩ ዝግ ይሆናል። አካውንቱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። የቤት ኪራይ ቀን ግን ለማንም አይጠብቅም። አገሩን ገና ላልለመደ፣ ያውም ወረቀቱ ሁሉ በሌላው ስም ለተሞላ ሰው፣ የቱን ይዞ የቱን እንደሚተው ግራ ይገባዋል።

ፍርድ ቤትና ቢሮ ለማስተርጎም አብሬያቸው የሄድኩ ብዙ እህቶች አሉ። ሁለት ወንድሞችም አሉበት። ታሪካቸው ይለያያል፤ ሁሉም ግን የመጡት ዘግይተው ነው። አንዷ ስምንት ወር ሙሉ ጠብቃለች። «ሽማግሌ ልኬበታለሁ። ከሰስኩት ማለት እኮ ትዳሬን በገዛ እጄ አፈረስኩት ማለት ነው» አለችኝ። በእነዚያ ስምንት ወራት ለሁለት ልጆቿ አንድ ዶላር አልገባላትም።

ስለዚህ ከዚህ ልጀምር። ቀለብ መጠየቅ ፍቺ መጠየቅ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ሥራቸውን ይሥሩ። ይታረቁ ይሆናል፤ ደስ ይለኛል። ልጆቹ ግን እስከዚያ ይበላሉ፣ ይለብሳሉ። ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን መሄድ ይችላሉ።

በእያንዳንዱ ስቴት የቻይልድ ሰፖርት (የልጅ ቀለብ) ቢሮ አለ። ለማመልከት መፋታት አያስፈልግም። ጠበቃ መያዝም ግዴታ አይደለም። የማመልከቻ ክፍያ ካለ ከ25 ዶላር አይበልጥም። በብዙ ስቴቶች ክፍያው የሚታሰበው ካመለከታችሁበት ቀን ጀምሮ ነው። ሰውየው ከጠፋበት ቀን አይደለም። ስምንት ወር የጠበቀችው እህት ያጣችው ይህንን ነው። ዛሬ የሚሞላና በሚቀጥለው ወር የሚሞላ ፎርም እኩል አይደሉም።

የልጆቹን የልደት ወረቀትና የጋብቻ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ። ወረቀቱ በአማርኛ ከሆነ በእንግሊዝኛ አስተርጉሙት። የሰውየው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ትልቅ ነገር ነው። አብራችሁ ታክስ ሠርታችሁ ከሆነ ቅጂው ላይ ታገኙታላችሁ። የመጨረሻ አሠሪው ስም፣ የመኪናው ታርጋ፣ ፎቶግራፉ፣ ሁሉም ይጠቅማል።

«የት እንዳለ እንኳን አላውቅም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ለመጀመር ማወቅ የለባችሁም። አሜሪካ ውስጥ አሠሪ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥር በ20 ቀን ውስጥ ለስቴቱ ማሳወቅ አለበት። የቻይልድ ሰፖርት ቢሮው ሰው የሚያፈላልገው በዚህ መረጃ ነው። ከሜሪላንድ ወደ ቴክሳስ ቢሄድም አያመልጥም፤ ስቴቶቹ አንዱ የሌላውን ትዕዛዝ የሚያስፈጽሙበት ሕግ አላቸው። ገንዘቡ ከደሞዙ በቀጥታ ይቆረጣል። አልከፍልም ካለ የታክስ ሪፈንዱ ሊያዝ፣ መንጃ ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል። ውዝፉ ከ2,500 ዶላር ካለፈ የአሜሪካ ፓስፖርት ይከለከላል። በካሽ ስለሚሠራ ገቢ የለኝም ቢል እንኳ፣ ዳኛው ሊያገኝ የሚችለውን ገቢ ገምቶ መወሰን ይችላል።

ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ማስከፈሉ በጣም ይከብዳል። ቢሆንም ትዕዛዙን አውጡ። ውዝፉ እየተጠራቀመ ይቆያል። ተመልሶ መጥቶ ሥራ የያዘ ዕለት ይጠብቀዋል።

አሁን ብዙዎችን እንቅልፍ ወደሚነሳው ጉዳይ ልምጣ። «ግሪን ካርድሽን አስነጥቅሻለሁ» ይላል ሰውየው ከመሄዱ በፊት። ባል ወይም ሚስት የተሰጠን ግሪን ካርድ መንጠቅ አይችሉም። ሥልጣኑ የላቸውም። አደጋው ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እሱም እንደ አመጣጣችሁ ይለያያል።

በዲቪ የመጣችሁ፣ የደረሰው ለእሱ ሆኖ እናንተ በትዳር ተካታችሁ የመጣችሁ ብትሆኑም፣ ግሪን ካርዱ የራሳችሁ ነው። ትዳሩ ከገባችሁ በኋላ ቢፈርስ እናንተ ጋር ይቀራል። በስደተኝነት (ሪፊውጂ ተብላችሁ) አብራችሁ ከገባችሁም ፍቺው ግሪን ካርድ ከመጠየቅ አያግዳችሁም። አሳይለም፣ ማለትም አሜሪካ ከገቡ በኋላ የሚጠየቀው ጥገኝነት፣ ግን ሌላ ነው። እሱ አሳይለም አግኝቶ በእሱ በኩል ከተካተታችሁና ግሪን ካርድ ገና ካልያዛችሁ፣ ፍቺው ሲያልቅ በእሱ በኩል ያለው መንገድ ይዘጋል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሰው የፍቺ ወረቀት ላይ ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማየት አለበት። ይህን ሳያውቁ የፈረሙ አይቻለሁ፤ ለማስተካከል ብዙ ለፍተዋል። የእሱን ቪዛ ተከትላችሁ የመጣችሁ፣ ለምሳሌ የተማሪ ወይም የሠራተኛ ቤተሰብ ከሆናችሁም ያው ነው። ተለያይቶ መኖር ሳይሆን ፍቺው ነው ቪዛውን የሚያቆመው።

በጋብቻ የመጣችሁ ካርዱን አውጡና የሚያልቅበትን ቀን እዩ። የሁለት ዓመት ከሆነ፣ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ሁለታችሁ አብራችሁ አይ-751 የሚባለውን ፎርም ማስገባት ነበረባችሁ። አንዱ ከጠፋ ብቻችሁን ማመልከት ይቻላል። ፍቺ ካለቀ፣ ጥቃት ደርሶባችሁ ከሆነ፣ ወይም መመለሱ ከባድ ችግር የሚያስከትል ከሆነ ነው። ከሁሉም በላይ ትዳሩ የእውነት እንደነበር ማሳየት አለባችሁ። የሠርግ ፎቶ፣ የሁለታችሁ ስም ያለበት ሊዝ (የቤት ኪራይ ውል)፣ የመብራት ቢል፣ የልጆች የልደት ወረቀት፣ የተላላካችሁት መልእክት፣ ሁሉንም ሰብስቡ። በንዴት ፎቶ አትቅደዱ። የምለምናችሁ ነገር ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ደግሞ አለ። በጋብቻ ያመጣችሁ ሰው አይ-864 የሚባል የድጋፍ ቃል ፈርሟል። ኑሯችሁ ከፌደራል የድህነት መለኪያ 125 በመቶ በታች እንዳይወርድ ለመደገፍ ነው የፈረመው። ይህ ግዴታ በፍቺ አይቀርም። ዜጋ እስክትሆኑ ወይም ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ የሥራ ጊዜ እስኪመዘገብላችሁ ድረስ ይቆያል። በፍርድ ቤትም ማስፈጸም ይቻላል። በዲቪ ለመጡ ግን ይህ ፎርም የለም።

ድብደባ፣ ማስፈራራት ወይም ከባድ ጭካኔ ከነበረ ሌላ በር አለ። ሰውየው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ፣ ያለ እሱ እውቅና ራሳችሁን ችላችሁ ለግሪን ካርድ ማመልከት ትችላላችሁ። ሕጉ ወንዶችንም ይጨምራል። ኢሚግሬሽን ለእሱ እንዳይናገር በሕግ ተከልክሏል። ከተፋታችሁ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ መሆን አለበት። በማንኛውም ሰዓት ወደ ቤት ውስጥ ጥቃት መርጃ ስልክ 1-800-799-7233 ደውላችሁ «አማርኛ» በሉ፤ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል።

ገንዘቡን በመጀመሪያው ሳምንት ያዙት። ደሞዛችሁ የጋራ አካውንት ውስጥ የሚገባ ከሆነ በስማችሁ ብቻ አዲስ ክፈቱና ወደዚያ አዙሩት። የጋራ አካውንትን ማንኛችሁም ባዶ ማድረግ ትችላላችሁ። ለቤት ወጪ የሚበቃውን አውጡ፣ ሁሉንም ግን አትጥረጉ፤ ዳኛ ይጠይቃል። ለምን እንዳዋላችሁት ደረሰኝ ያዙ። የጋራ ክሬዲት ካርድ ካለ ባንኩ ጋር ደውላችሁ አዲስ ወጪ እንዲታገድ ጠይቁ። እሱ የሚያወጣው ዕዳ እናንተንም ይይዛል።

ሊዙ ላይ ሁለታችሁም ፈርማችሁ ከሆነ አከራዩ ሙሉ ኪራዩን ከአንዳችሁ መጠየቅ ይችላል። ቀድማችሁ አናግሩት። ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ቁልፍ ቀይሮ ሊያስወጣችሁ ግን አይችልም። 211 ብትደውሉ በአካባቢያችሁ የኪራይና የምግብ እርዳታ የሚሰጡትን ይነግሯችኋል። ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች ምግብ የሚሰጠው ዊክ አለ። እዚህ የተወለዱ ልጆች የእናንተ ወረቀት ምንም ይሁን ምን ለራሳቸው ፉድ ስታምፕ (የምግብ መግዣ እርዳታ) ሊጠየቅላቸው ይችላል።

ታክስ ላይም ተጠንቀቁ። አብሮ የተሠራ ታክስ ላይ ከፈረማችሁ ለውሸቱም ለዕዳውም ሁለታችሁም ትጠየቃላችሁ። የዓመቱን የመጨረሻ ስድስት ወር አብራችሁ ካልኖራችሁ፣ ልጁ ከእናንተ ጋር ከሆነና የቤቱን ወጪ ከግማሽ በላይ ከሸፈናችሁ፣ ሳትፋቱም «ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ» (የቤተሰብ ኃላፊ) ሆናችሁ ታክስ መሥራት ትችላላችሁ። ታክስ ሳይታሰብበት ከገቢያችሁ የሚቀነሰው የተሻለ ነው።

አገር ቤት ያለውን አትርሱ። ውክልና ሰጥታችሁት ከሆነ ዛሬውኑ ሻሩት። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዳችሁ መሻሪያውን ታስጨርሳላችሁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሰፊ ውክልና በእጁ ካለ ግን ስምምነታችሁን በእናንተ ስም ሊፈርም ይችላል።

ልጆቹን በተመለከተ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ እስካልወጣ ሁለታችሁም እኩል መብት አላችሁ። ይዟቸው ከአገር እንዳይወጣ የምትፈሩ ከሆነ ጊዜያዊ የአሳዳጊነት ትዕዛዝ ጠይቁ። በስቴት ዲፓርትመንት የፓስፖርት ማስጠንቀቂያ ላይም አስመዝግቧቸው። ያን ጊዜ የአሜሪካ ፓስፖርት ሊወጣላቸው ሲል ይነገራችኋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ካላቸው ግን ማስጠንቀቂያው አይመለከተውም፤ ፓስፖርቱን እናንተ ጋር አስቀምጡ።

ፍቺ ከወሰናችሁም የጠፋ ሰው አያስቆማችሁም። በአብዛኛዎቹ ስቴቶች የማንንም ጥፋት ሳያስረዱ መፋታት ይቻላል። ፈልጋችሁ እንዳጣችሁት ካሳያችሁ፣ ዳኛው በጋዜጣ ማስታወቂያ እንዲጠራ ሊፈቅድ ይችላል።

ገንዘብ ለሌለው ሊጋል ኤይድ የሚባሉ ነጻ የሕግ ድርጅቶች አሉ። ፍርድ ቤት አስተርጓሚ በነጻ ጠይቁ፣ ልጃችሁን ግን አታስተርጉሙ። ስለ አባቱ የሚባለውን ሁሉ በገዛ አፉ ማለት የለበትም። «ወረቀት እሞላለሁ» ለሚል ወገን የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁን አትስጡ። ጠበቃ ወይም ከፍትሕ መሥሪያ ቤቱ እውቅና ያለው ተወካይ ብቻ ነው የሚፈቀድለት።

ቤት ከቀየራችሁ ደግሞ አዲሱን አድራሻ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን አሳውቁ። ያቺ ስምንት ወር የጠበቀችው እህት የቀጠሮ ደብዳቤዋ የተላከው ድሮ ከሱ ጋር ወደኖሩበት አፓርታማ ነበር። ያገኘችው የድሮ ጎረቤቷ ደውላ ስለነገረቻት ነው።