የኮምፒውተር ስክሪን ሲያስተካክሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ በብዙ ቤት አንዱ ኮምፒውተር የአፋን ኦሮሞም የአማርኛም ጽሑፍ ይነበብበታል። በቁቤ የተጻፈው ያለችግር እየተነበበ አማርኛው ሲደበዝዝ ብዙ ሰው ጥፋቱን በዓይኑ ወይም በሞኒተሩ ያሳብባል። የእኛ ፊደል ግን ጩን ከጬ፣ ዉን ከው፣ ቡን ከቧ የሚለየው በአንዲት ጭረት ወይም ቀለበት ነው። ስክሪኑ በትክክል ካልተስተካከለ ቀድማ የምትጠፋው እሷ ናት። ስለዚህ ሲያስተካክሉ ዳኛው ፊደሉ ይሁን። ኖትፓድ ከፍተው «ጩ ጬ ዉ ው ቡ ቧ ጸ ጿ» ብለው ይጻፉና እያንዳንዱን ለውጥ በእሱ ይመዝኑ። ከዚህ በታች ያለው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ይሠራል።

ፊደል ለማጉላት ሪዞሉሽን መቀነስ

ከሁሉም የከፋውና የተለመደው ስህተት ይህ ነው። የሞኒተር ፒክስሎች (ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች) ቁጥር ፋብሪካ ውስጥ የተወሰነ ነው፤ ሪዞሉሽን የሚባለው በወርድና በቁመት የሚታዩት ነጥቦች ቁጥር ነው። 1920 በ1080 የሆነውን ስክሪን ወደ 1366 በ768 ቢያወርዱት አንዱ ነጥብ ወደ 1.4 ፒክስል ላይ ይዘረጋል። ግማሽ ፒክስል የሚባል ነገር ስለሌለ ሞኒተሩ ጠርዙን በግራጫ ይሞላዋል። ፊደሉ ይተልቃል፣ ግን ይደበዝዛል። 1024 በ768 ሲሆን ደግሞ ሰፊ ስክሪን ላይ ምስሉ ወደ ጎን ስለሚለጠጥ የሰው ፊት ሳይቀር ያብጣል።

ትክክለኛው መንገድ ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ አድርጎ «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» መግባት ነው። ሪዞሉሽኑን አጠገቡ «ሪኮሜንድድ» የሚል ባለበት ላይ ይተዉት፤ የሚያጎሉት በ«ስኬል» ነው። 15.6 ኢንች ላፕቶፕ 1920 በ1080 ከሆነ ከ125 እስከ 150 በመቶ ይስማማዋል፤ 1366 በ768 ከሆነ 100 በመቶ ይበቃዋል። 22 ወይም 24 ኢንች ሞኒተር ላይ ከ100 ይጀምሩና ፊደሉ ካነሰ 125 ያድርጉት። ከተዘጋጁት ምርጫዎች ውጪ እንደ 133 ያለ ቁጥር በእጅ አያስገቡ፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች ላይ ስክሪኑ ላይ የሚታዩት ቁልፎች ይቆራረጣሉ። ስኬሉን ከቀየሩ በኋላ የቆየ ፕሮግራም ከደበዘዘ ሳይን አውት ብለው ተመልሰው ይግቡ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ስታርት ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ክሊርታይፕ» (ClearType፣ የፊደል ጠርዝ የሚያጠራው የዊንዶውስ መሣሪያ) ብለው ይፈልጉና በሚከፈቱት ገጾች ላይ ጥርት ያለውን ጽሑፍ እየመረጡ ይጨርሱ። ቅደም ተከተሉን አይገልብጡ፤ ሪዞሉሽኑ ሳይስተካከል የተደረገ ክሊርታይፕ ዋጋ የለውም።

ድራይቨር ሳይኖር ከሴቲንግ ጋር መታገል

ፎርማት ተደርጎ የመጣ ኮምፒውተር ላይ የሪዞሉሽን ምርጫው ግራጫ ሆኖ አልመረጥ ካለ፣ ብራይትነሱም አልታዘዝ ካለ ሴቲንጉን መነካካት ድካም ብቻ ነው። ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አድርገው «ዲቫይስ ማናጀር» ይክፈቱና «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚለውን ይመልከቱ። «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ካለ የግራፊክስ ድራይቨሩ (ዊንዶውስን ምስል ከሚያወጣው የኮምፒውተሩ ክፍል ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) አልተጫነም ማለት ነው። በዊንዶውስ አፕዴት በኩል ወይም ከአምራቹ ድረገጽ በሞዴል ቁጥሩ ይገኛል። ፋይሉ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊሆን ስለሚችል የሞባይል ዳታ ላይ ካሉ አስቀድመው ያስቡበት። የተሻለው ግን ፎርማት ያደረገልዎት ባለሙያ ጋ እያሉ፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይህን የዲቫይስ ማናጀር ገጽ ማየት ነው።

የኬብልን ጥፋት በቀለም ሴቲንግ ለመጠገን መሞከር

ያገለገሉ ሞኒተሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኙት ሰማያዊ ጫፍ ባለው ቪጂኤ ኬብል ነው። ስክሪኑ ድንገት ቢጫ ከሆነ የሰማያዊው መስመር ተቋርጧል፤ ወደ ሐምራዊ ሮዝ ካደላ የአረንጓዴው፤ ወደ ውሃ ሰማያዊ ከሄደ የቀዩ። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ኬብሉን ይንቀሉ፣ የተጣመመ ፒን ካለ ቀስ ብለው ያቃኑ፣ መልሰው ሲሰኩ ሁለቱንም ብሎን ያጥብቁ። ምስሉ ወደ አንድ ጎን ከሸሸ ወይም ፊደል ከተንቀጠቀጠ ነጭ ገጽ ሙሉ ስክሪን ላይ ከፍተው ሞኒተሩ ላይ ያለውን «ኦቶ» ቁልፍ ይጫኑ። ኬብሉ ደህና ሆኖ ቢጫው ማታ ማታ ብቻ የሚመጣ ከሆነ የስክሪኑን ሰማያዊ ብርሃን የሚቀንሰው «ናይት ላይት» በርቷል። ከተመቸዎት ይተዉት፤ ፎቶ ሲያስተካክሉ ግን ያጥፉት፣ አለበለዚያ የሚያትሙት ፎቶ ስክሪኑ ላይ ካዩት ይለያል።

ቴሌቪዥን እንደ ሞኒተር ሲሰካ የታችኛው የዊንዶውስ መስመር የሚቆረጠው ቴሌቪዥኑ ምስሉን አጉልቶ ጠርዙን ስለሚቆርጥ ነው። መድኃኒቱን መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ላይ ይፈልጉ። የቴሌቪዥኑ የምስል መጠን ሜኑ ውስጥ «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለውን ይምረጡ።

ብራይትነስን ለአንዴና ለሁልጊዜ ማስተካከል

የጅማ ሰማይ ጠዋት ጠርቶ ከሰዓት ሊጠቁር ይችላል፤ በአንዱ ሰዓት የተመቸው ብርሃን በሌላው ዓይን ያደክማል። ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ይያዙና ባዶ ነጭ ገጽ ይክፈቱ። ገጹ ከወረቀቱ በላይ እንደ መብራት ካበራ ይቀንሱ፣ ከወረቀቱ ከጠቆረ ይጨምሩ። መስኮቱም ከኋላዎ ወይም ከስክሪኑ ጀርባ ሳይሆን ከጎን ይሁን። ላፕቶፕ ላይ መብራት ሲጠፋ ስክሪኑ ቢደበዝዝ አልተበላሸም፤ ባትሪ ለመቆጠብ ራሱ የሚያደርገው ነው።

ስክሪኑ ሲጠቁር ገመድ መንቀል

ሞኒተሩ የማይችለውን ሪዞሉሽን ወይም ሪፍሬሽ ሬት (ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ) ከመረጡ ጥቁር ይሆናል። ምንም ሳይነኩ 15 ሰከንድ ይታገሱ፤ ዊንዶውስ ራሱ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሥራ 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ) በቂ ነው።

አክቲቬት ያልተደረገ ዊንዶውስ «ፐርሰናላይዜሽን» ውስጥ ያሉትን የዴስክቶፕ ስዕልና ቀለም ይቆልፋል። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ሌላውም ተቆልፏል ብሎ ይተወዋል። ሪዞሉሽን፣ ስኬልና ናይት ላይት ግን «ሲስተም» ስር ስለሆኑ ይሠራሉ።

አማርኛ የሚጽፍ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቋንቋ ለመቀየር ግራ አልትና ሺፍት ሲጫኑ ጣት ወደ ፕሪንት ስክሪን ቁልፍ ካመለጠና ለሚመጣው ጥያቄ «የስ» ከተባለ ስክሪኑ በሙሉ ጥቁርና ደማቅ ቀለም ይሆናል። ቫይረስ አይደለም፣ ፎርማትም አያስፈልገውም። ሃይ ኮንትራስት የሚባለው ነው፤ እነዚያኑ ሦስት ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ይመለሳል።