በካፋ የጠጠር መንገድ ላይ ሳይክል ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ካፋ ለጠጠር ሳይክል የተሠራ አገር ነው የሚመስለው። ከቦንጋ ተነስታችሁ ወደ ዴቻና ማንኪራ የቡና ጫካ መውረድ ትችላላችሁ። ወደ አዲዮ ደጋ መውጣት፣ በውሽውሽ የሻይ እርሻ በኩል መዞርም አለ። ዳገቱ ያስለቅሳል፣ ቁልቁለቱ ያስቃል፣ ጉሬዛው ከላይ ሆኖ ያያችኋል። ዩኔስኮ አካባቢውን እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግብ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ግን ይህ መንገድ ዕቃ ይበላል። ከዚያ የሚመለሱ ሳይክሎችን ስጠግን ደጋግሜ የማየው ብልሽት አንድ ዓይነት ነው። እሱን በሰፊው እጽፋለሁ፣ ሌላውን በአጭሩ። ጎማ መንፋት፣ ሰንሰለት መቀባት፣ ብሎን ማጥበቅ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምነሳው።

ምልክት፦ ጠዋት ደህና የነበረ የፍሬን እጀታ ከሰዓት እስከ መሪው ድረስ ይመጣል

መንስኤው የፍሬን ሸራ ማለቅ ነው። ከአሥሩ ዘጠኙ ይሄ ነው ብል አላጋነንኩም።

የካፋ ቀይ አፈር ሸክላማ ነው። ውሃ ሲነካው ይለጠፋል፣ ውስጡ ያለው ደቃቅ አሸዋ ደግሞ ይሞርዳል። ዲስኩ (ከጎማው ጋር የሚዞረው፣ ሸራው የሚይዘው ክብ ብረት) በዞረ ቁጥር ያንን የሚለጠፍ ጭቃ በሸራው ላይ ያሻዋል። በክረምት አዲስ ሸራ በአንድ ቀን ውሎ ሲያልቅ አይቻለሁ። በጋ ነው ብላችሁም አትዘናጉ። ካፋ ውስጥ ዝናብ ዓመቱን ሙሉ ብቅ ይላል። ጥር ላይ እንኳ ጫካው ያጠለለበት መንገድ ቶሎ አይደርቅም።

መጀመሪያ ጎማውን አውጡና በስልክ መብራት ሸራውን እዩት። ከጀርባው ብረት ውጪ ያለው የሸራ ውፍረት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ከወረደ ቀይሩት። ግማሽ ሚሊ ሜትር ከደረሰ አልቋል፤ በዚያ ሸራ ቁልቁለት መጀመር የለም። ውፍረቱ ደህና ከሆነ ችግሩ ማስተካከያው ላይ ነው። ሰው የሚጎዳውም እዚህ ጋ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ።

እኛ ጋ የሚመጡት ብዙዎቹ የጠጠር ሳይክሎች ዲስክ ፍሬናቸው በካቦ የሚሠራ ነው። ካሊፐሩ፣ ማለትም ዲስኩን ከግራና ከቀኝ የሚይዘው የፍሬን ክፍል፣ ውስጥ ሁለት ሸራ አለ። በብዙዎቹ ላይ የሚንቀሳቀሰው የውጪው ብቻ ነው። ካቦው ክንዱን ይስባል፣ ክንዱ የውጪውን ሸራ ይገፋል፣ ሸራው ዲስኩን ገፍቶ ከውስጠኛው ሸራ ጋር ያጣብቀዋል። በራጁ (የጎማውን መሐል ከጠርዙ ጋር በሚያያይዙት ቀጫጭን ሽቦዎች) በኩል ያለው የውስጠኛው ሸራ ዝም ብሎ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ሲያልቅ በራሱ አይጠጋም። በብሎን ነው የሚጠጋው።

አሁን ሰው የሚያደርገውን ልንገራችሁ። እጀታው ሲላላ ካቦው ጫፍ ላይ ያለችውን ማጥበቂያ ያዞራል። እጀታው ይጠብቃል። ደስ ይለዋል፣ ይሄዳል። ሲላላ ደግሞ ያዞራታል። የውስጠኛውን ብሎን ግን አይነካም። ብዙ ሰው ብሎኑ መኖሩንም አያውቅም።

ካቦው በተወጠረ ቁጥር ክንዱ ሥራ የሚጀምርበት ቦታ ወደፊት ይሄዳል። ክንዱ የሚጓዘው ርቀት ደግሞ የተወሰነ ነው። ግማሹ ከመነሳታችሁ በፊት አልቋል ማለት ነው። ሜዳ ላይ ስትሞክሩት ይይዛል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሸራው ትንሽ ሲበላ ግን ክንዱ መጨረሻው ላይ ይደርስና ይቆማል። ያን ጊዜ እጀታው ጠንካራ ነው፣ ሳይክሉ ግን አይቆምም። የሚያታልለውም ይሄው ጥንካሬ ነው። እጃችሁ ፍሬን እየያዘ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ የያዘው ግን ክንዱ ከራሱ ብረት ጋር ነው።

አንድ ልጅ ከጅማ መጥቶ ዴቻ ጭቃ ውስጥ ዋለ። ማታ ማጥበቂያዋን እስከ ጥጓ አዞራት። በማግስቱ ወደ ጅማ ሲመለስ ወደ ጎጀብ ሸለቆ የሚወርደውን አስፋልት ጀመረ። እዚያ ቁልቁለት ላይ ጠጠር የለም፣ ፍጥነቱ በራሱ ይመጣል። ኩርባ ላይ ፍሬኑ ደነደነና አልይዝ አለ። ልጁ ብልህ ነበር፤ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተቆረጠው አፈር ዞረ። የእጁ አንጓ ተሰበረ፣ ሕይወቱ ተረፈ። ሳይክሉ እኔ ጋ ሲደርስ ካሊፐሩን ፈታሁት። የውስጠኛው ሸራ እስከ ብረቱ አልቋል። ብሎኑ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ አንድም ጊዜ አልዞረም፣ ቀለሙ እንኳ አልተነካም።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። የካቦውን ማጥበቂያ ሙሉ በሙሉ መልሳችሁ አስገቡ። ካቦውን የያዘውን ብሎን ፍቱና ክንዱ ወደ ማረፊያው እስኪመለስ ልቀቁት። ከዚያ በራጁ በኩል ያለውን ብሎን ሸራው ዲስኩን እስኪነካ አዙሩት፣ ሩብ ዙር ያህል መልሱት። ብዙውን ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ ይበቃል፣ አንዳንዱ ባለኮከብ ነው። ጎማውን አሽከርክሩ፤ ሳይሻሽ መዞር አለበት። አሁን ካቦውን በእጅ ሳቡና ልሉን ብቻ አውጥታችሁ እሰሩት። ስታስሩት ክንዱ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከተነቃነቀ ፍቱና እንደገና። ማጥበቂያዋ ለመጨረሻዋ ጥቂት ማስተካከያ ብቻ ናት። እጀታው ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ከያዘ ጨርሳችኋል።

ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ በላላ ቁጥር ቅድሚያ የውስጠኛው ብሎን ነው። ሁለቱም ሸራ የሚንቀሳቀስበት ካሊፐር ካላችሁ ሁለቱንም ጎን እኩል አስጠጉ።

ከቁልቁለት በኋላ ዲስኩን በጣት አትንኩ። ይጠብሳል። ልጆች መንደር ውስጥ ሊነኩት ይሮጣሉ፤ እነሱንም ከልክሉ።

ስለ ሸራው ጥራት ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። ስም የለሽ ርካሽ ሸራ አትግዙ። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ጎበዝ ነጂ አዲስ ሸራ አስገብታ ወደ ማንኪራ ወረደች። ሸራው ሳያልቅ ከጀርባው ብረት ተላቆ ወደቀ። ሙጫው ውሃና ሙቀት አልቻለም። የፊቱ ነበር፤ ዋናውን የማቆም ሥራ የሚሠራው ደግሞ የፊት ፍሬን ነው። እንደ እድል ሆኖ ቀስ ብላ ነበር የምትሄደው። ይህን ዕቃ የሚያስመጣ ሰው እሱ ራሱ በዚያ ቁልቁለት ቢወርድበት ደስ ይለኛል።

ለጭቃ ብረት የተቀላቀለበት ሸራ ይሻላል። ይጮሃል፣ ግን ይቆያል። ለስላሳው የሬዚን ሸራ ዝም ይላል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ከመግዛታችሁ በፊት ዲስኩን አንብቡ። ለሬዚን ሸራ ብቻ ነው የሚል ጽሑፍ ካለበት የብረቱን አታስገቡ፤ ዲስኩን ይበላዋል። አዲስ ሸራ ስታስገቡ ሜዳ ላይ ፍጥነት አንስታችሁ ወደ ሃያ ጊዜ ያህል ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ግን ጎማው አይቆለፍ። ሳታለማምዱት ቁልቁለት አትጀምሩ።

ሁለት ጥንድ ትርፍ ሸራ ያዙ። ቦንጋ የሞተር ሳይክል ዕቃ አለ ብላችሁ አትተማመኑ፤ አይገጥምም።

ስትወርዱም ፍሬኑን ለረጅም ጊዜ በትንሹ ይዛችሁ አትቆዩ። ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ልቀቁ፣ እንደገና ያዙ። ስትለቁት ዲስኩ ይተነፍሳል።

ምልክት፦ ከታጠበ በኋላ ይጮሃል፣ ደግሞም አይዝም

ዲስኩ ዘይት ነክቶታል። ሳይክላችሁን ሞተር ለሚያጥቡ ልጆች ሰጥታችሁ ሻይ ልትጠጡ ሄዳችኋል ማለት ነው። ልጆቹ ጥፋት የለባቸውም፣ ለሞተር የሚያደርጉትን ነው ያደረጉት፦ ናፍጣ ይረጫሉ፣ በኃይለኛ ውሃ ይመታሉ። እባካችሁ አጠገቡ ቁሙ።

ዲስኩን ከፋርማሲ በሚገኝ አልኮልና በንጹህ ጨርቅ አጽዱ። ቤንዚንም ናፍጣም አይሆንም። የሸራውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት ስስ አድርጋችሁ ፋቁት። ዘይቱ ጠልቆ ከገባ ግን አይመለስም፤ ጣሉት። እሳት ላይ አቃጥሎ ማድረቅ የሚሉትን ምክር እርሱት።

ምልክት፦ እጀታው ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም

ካቦው ልባስ ውስጥ ጭቃ ገብቷል። ካቦውን አውጡ፣ ጥረጉ፣ ልባሱን በውሃ አጥባችሁ አድርቁ። ካቦው ከተተረተረ ወይም ከዛገ ቀይሩ። ግሪስ ጠቅጥቆ መመለስ ጭቃውን ይሰበስባል።

ምልክት፦ በዘይት የሚሠራ ፍሬን ቁልቁለት ላይ እንደ ስፖንጅ ለሰለሰ

ቁሙ፣ ይቀዝቅዝ። ሲቀዘቅዝ ከተመለሰ ፈሳሹ አርጅቷል ወይም አየር አለው። ከጉዞው በፊት አዲስ አበባ አስለውጡት። የማዕድን ዘይት የሚል ፍሬን ውስጥ የመኪና ፍሬን ዘይት አትጨምሩ። ውስጡ ያሉትን የጎማ ማሸጊያዎች ያሳብጣቸዋል፣ ፍሬኑም ይሞታል።

ምልክት፦ ማርሽ ይዘላል፣ ሰንሰለቱ ይንቋቋል

ጭቃና ቅጠል ተጠቅጥቋል። ወዲያው ውረዱና በእንጨት አውጡት። በጉልበት ፔዳል የረገጠ ሰው ሀንገሩን ይሰብራል፤ ሀንገር የኋላ ማርሽ ቀያሪውን ከፍሬሙ ጋር የምታያይዘው ትንሽ ብረት ናት። ለየሳይክሉ የተለየች ስለሆነች መርካቶም ብትዞሩ ላታገኟት ትችላላችሁ። ሳይክሉን የገዛችሁ ቀን ትርፏን ግዙ። ከተሰበረች ማርሽ ቀያሪውን አውጡ፣ ሰንሰለቱን አሳጥሩና በአንድ ማርሽ ወደ ቤት።

ዱላ ጎማው ውስጥ ሲገባም ያው ነው፦ ቁሙ፣ አውጡ።

ሌሎቹ ባጭሩ

ጎማው ቀስ እያለ ይተነፍሳል፦ እሾህ፤ ነቅላችሁ ሳታዩ አዲስ አታስገቡ።

የኋላ ጎማ ፔዳል ስትረግጡ አይነዳም፦ በጎማው መሐል ውስጥ ሆነው የፔዳሉን ጉልበት ለጎማው የሚያስተላልፉት ትናንሽ ጥርሶች በጭቃ ተጣብቀዋል፤ ብርቅ ነው፣ ፈትቶ ማጠብ ነው።

ከወንዝ መሻገር በኋላ መሐሉ ይንኳኳል፦ ኩሽኔታው ውሃ ጠጥቷል። ውሃው እስከ ጎማው መሐል ከደረሰ ሳይክሉን ተሸከሙ። ጎርፍ ከሆነ ደግሞ አትሻገሩ፤ ከላይ በዘነበ ዝናብ ወንዙ እናንተ ጋ ፀሐይ እያለ ይሞላል።

የግንድ ድልድይ ላይ ውረዱ። በግንዶቹ መካከል ያለው ክፍተት ጎማ ይውጣል፣ ነጂውን ወደ ወንዙ ይወረውራል።

ፍሬኑ መንገድ ላይ ጭራሽ ከጠፋና ሸራ ከሌላችሁ ቁልቁለቱን በእግር ውረዱ። በአንድ ፍሬን እሞክራለሁ ማለት የለም፤ ሁለቱም ያለቁት በአንድ ጭቃ ነው። አይሱዙ ካገኛችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ይጭናሉ። ስትጭኑ ማርሽ ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን። ዲስኩ ላይ ከረጢት አይደገፍ፤ ከተጣመመ በኋላ ሸራ ብትቀይሩም ሸራውን እየነካ መዞሩ አይቀርም።