ድርቆሹ ተዘፍዝፎም ፈረሱ ካሳለ፦ የመዘፍዘፊያ ዕቃ ችግርና መፍትሔ

ጃን ሜዳ አካባቢ ፈረስ ያለን ሰዎች ስንገናኝ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ ድርቆሽ ላይ ያርፋል። ከሱሉልታና ከሰንዳፋ በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣው ድርቆሽ ጋጣችን ሲደርስ ብናኝ የበዛበት ነው። ብናኙና በውስጡ ያለው በዓይን የማይታይ የሻጋታ ዘር የፈረስን ሳንባ ያስቆጣሉ። ከመመገብ በፊት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ እንደሚረዳ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ሰው ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰልችቶት ይተወዋል፤ ፈረሱም ወደ ሳሉ ይመለሳል። የተዉትን ሁሉ ስጠይቅ የሚነግሩኝ ስለ ዕቃው ነው፦ ከበደ፣ ሸተተ፣ ተሰነጠቀ፣ ውሃ ጨረሰ። ስለዚህ ከምልክቱ ተነስቼ የማውቀውን እነሆ።

ተዘፍዝፎ የቀረበለት ፈረስ አሁንም ያስላል

እጅዎን ወደ ድርቆሹ መሐል ይስደዱ። መሐሉ ደረቅ ከሆነ ምክንያቱን አገኙት። ድርቆሽ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ጠባብ ባልዲ ውስጥ ታጭቆ ሲገባ ደግሞ ዙሪያው ይርሳል፣ ልቡ እንደነበረ ይቀራል። ፈረሱ በከንፈሩ በትኖ ሲበላ ያንኑ ብናኝ ይስበዋል።

ባለ20 ሊትር ባልዲ ለዚህ ሥራ አይበቃም። አንድ ፈረስ በቀን ከክብደቱ ከ1.5 እስከ 2 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ይፈልጋል። 300 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ እንግዲህ ከ4.5 እስከ 6 ኪሎ ድርቆሽ ይበላል። ጠዋትና ማታ ከፍለው ቢዘፈዝፉት ለአንዱ ዙር እስከ 3 ኪሎ ይደርሳል፤ ይህን አላልቶ ለማጥለቅ ከ40 እስከ 60 ሊትር የሚይዝ፣ አፉ ሰፊ የሆነ ዕቃ ያስፈልጋል። የልብስ መዘፍዘፊያ ትልቅ ሳፋ ለዚህ ይመቻል። ድርቆሹን በእጅ በትነው ያስገቡ፣ ላዩ ላይ ጠፍጣፋ እንጨት ያድርጉ፣ በእንጨቱ ላይ ሁለት የኮብልስቶን ድንጋይ ይጫኑ። ሸክላ ጡብ ግን እየተፈረፈረ መኖው ውስጥ ስለሚገባ አይጠቀሙ። ለብናኝ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃል።

መሐሉም ርሶ ሳሉ ካልቆመ የሚነጠፍለትን ጭድ ይመልከቱ፤ አቧራው ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ ያለፈው የእንስሳት ሐኪም ጉዳይ ነው። ድርቆሹ ራሱ ሻግቶ ከሆነ፣ ማለትም ነጭ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ካለበትና የእርጥብ ምድር ቤት ጠረን ካለው፣ የትኛውም ዕቃ አያድነውም። ዋጋው ቢያንገበግብም ይጣል። እለምናችኋለሁ፣ "ታጥቧል" ተብሎ ለፈረስ አይሰጥ።

ፈረሱ አሽትቶ ጥሎት ይሄዳል

ዕቃው አዲስ የተገዛ ነው ወይስ የቆየ? መልሱ ምክንያቱን ይለያል።

አዲስ ከሆነ ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር ይጠይቁ። መርካቶ ምናለሽ ተራ ውስጥ ያገለገለ በርሜል ሞልቷል፤ ከመካከሉ የምግብ ዘይት የያዘ አለ፣ የሞተር ዘይት የያዘ አለ፣ ኬሚካል የያዘም አለ። ሻጩ በቅንነት "ንጹሕ ነው፣ አጥበነዋል" ቢልዎትም ራሱ የገዛው ከሌላ ነጋዴ ስለሆነ ላያውቅ ይችላል። ጽሑፉ የተፋቀ ወይም የተቀባ በርሜል አይግዙ። ጽሑፉ ያለውንም ሙቅ ውሃ ጨምረው፣ ከድነው አሳድረው ጠዋት ያሽትቱት፤ የነዳጅ ወይም የመድኃኒት ጠረን ካለው ይተዉት። የፀረ ተባይና የፀረ አረም ዕቃ ግን ባይሸትም፣ አሥር ጊዜ ቢታጠብም ለመኖ አይሆንም። ፕላስቲኩ መርዙን ይይዛል።

ዕቃው የቆየ ከሆነ ግድግዳውን በጣትዎ ይዳስሱ። የሚያሟልጭ ነገር ካገኙ ጥፋቱ የእርስዎ ልማድ ነው፤ ውሃውን ሳይቀይሩ ሌላ ድርቆሽ ጨምረውበታል ወይም ሳያጥቡት አሳድረውታል። ከድርቆሹ የሚወጣው ቡናማ ውሃ ስኳር አለበት፤ ስኳሩ ባክቴሪያ ያራባል። በየዙሩ ውሃውን ይድፉ፣ በብሩሽ ይሹት፣ ዕቃውን ደፍተው ፀሐይ ላይ ያድርቁት። የራሰ ድርቆሽም በቀትር ሙቀት ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ጠዋት የተዘፈዘፈ ለማታ አይቀመጥም።

ማንሳት አቃተን

ሰው ዘፈዘፋን የሚተወው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ድርቆሽ ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ሳይንጠፈጠፍ ሲወጣ ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። በ200 ሊትር በርሜል ውስጥ ያለውን ውሃ ብቻ ቢያስቡት 200 ኪሎ ነው፤ ማንም ብቻውን ሊደፋው አይችልም። እኔም መጀመሪያ የገዛሁት እንዲህ ያለ በርሜል ነበር። ጋጣውን የሚጠብቅልን አባባ በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብለው ድርቆሹን በክንዳቸው ሲጎትቱ ወገባቸውን ያዛቸው። ያን ቀን ነው ዕቃው ከሚይዘው መጠን ይልቅ የድርቆሹን አወጣጥ ማየት የጀመርኩት።

ርካሹ መፍትሔ የፕላስቲክ አትክልት ሳጥን ነው፤ አትክልት ተራ ቲማቲም የሚጓጓዝበት፣ ዙሪያው ቀዳዳ የሆነው። ድርቆሹን በሳጥኑ፣ ሳጥኑን በሳፋው ውስጥ ያድርጉ። ጊዜው ሲደርስ ሳጥኑን ብቻ አንስተው በሳፋው አፍ ላይ በሁለት እንጨት ያስቀምጡት፤ ውሃው ራሱ ይንጠፈጠፋል፣ እርስዎ ቡናዎን ይጠጣሉ። ሳጥን ካጡ የሽንኩርት መረብ ከረጢት ይሠራል። ከረጢቱን ግን ፈረሱ ፊት አይስቀሉት፤ ድርቆሹን ግርግሙ ውስጥ ዘርግፈው ከረጢቱን ይውሰዱት። ፕላስቲክ ያኘከ ፈረስ በሆድ ቁርጠት ሊሞት ይችላል፣ ኮቴውም መረቡ ውስጥ ሊጠመድ ይችላል።

ቦታ ላለው ሰው ከሁሉም የምመርጠው ከሚፈርሱ ቤቶች የሚወጣ አሮጌ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ነው። ሰፊ ነው፣ ጥልቀቱ ልከኛ ነው፣ ከሥሩ መድፈኛ አለው፤ መድፈኛውን መንቀል ብቻ ነው። በድንጋይ ከፍ አድርገው፣ ወደ መውጫው ትንሽ አዘንብለው ይትከሉት።

በርሜል ላይ ቧንቧ ያስገጠሙ ሰዎች ደግሞ "ይደፈናል" ይላሉ። ግማሽ ኢንች ቧንቧ ሣር አያሳልፍም። ባለ2 ኢንች መውጫ ያስበጁ፣ ከውስጥ በኩል የወንፊት ሽቦ ይኑረው።

ውሃው አይበቃም

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በቀን 100 ሊትር ለድርቆሽ ማዋል ያሳቅቃል። ብክነቱ የሚመጣው ዕቃው ለድርቆሹ ከልክ በላይ ሲሰፋ ነው። ሳጥኑ ልክክ ብሎ የሚገባበት ዕቃ ይምረጡ፤ ድርቆሹን በድንጋይ ከተጫኑት በኋላ እስኪሸፍነው ብቻ ውሃ ይጨምሩ። ያን ትልቁን በርሜል አይሽጡት፤ ከድነው የፈረቃ ውሃ ያጠራቅሙበት። ውሃ ጨርሶ በጠፋ ቀን ድርቆሹን በትነው እያገላበጡ ያርከፍክፉበት፤ የመዘፍዘፍን ያህል ባይሆንም ከደረቁ ይሻላል።

የሚዘፈዝፉት ለብናኝ ሳይሆን ስኳሩን ለመቀነስ ከሆነ፣ ለምሳሌ የሰኮና ውስጥ ብግነት ላለበት ወፍራም ፈረስ፣ በማርከፍከፍ አይገኝም። አንድ ሰዓት ያህል ብዙና ንጹሕ ውሃ ውስጥ መቆየት አለበት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ቅዝቃዜ ስኳሩ የሚወጣው ይበልጥ በዝግታ ነው። ከስኳሩ ጋር ማዕድንም ይታጠባል፤ አሞሌ ጨው ሶዲየሙን ቢመልስም ፎስፈረሱን አይመልስም። ስለዚህ ሐኪሙን ሲያገኙ ስለ ማዕድን ማሟያም ይጠይቁ።

ሳፋው ተሰነጠቀ

ፀሐይና ስስ ፕላስቲክ አይስማሙም። ወፍራሙን ይግዙ፣ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ። የተቆረጠ በርሜል ከሆነ ጠርዙን ያስሞርዱ ወይም የውሃ ጎማ ሰንጥቀው ያልብሱት፤ የፈረስ ከንፈር ስስ ነው።

ግቢው ሸተተ፣ ዝንብ በዛ

ቡናማው ውሃ አንድ ቦታ እየተደፋ ነው። በየቀኑ ቦታ እየቀያየሩ በአፈር ላይ ይድፉት እንጂ ወደ ጎረቤት በር የሚወርድ ቦይ ውስጥ አይልቀቁት። ፈረሱም እንዳይጠጣው ወዲያው ይደፋ፤ ስኳር ስላለው ይጣፍጠዋል፣ የሸሹት ነገር ሁሉ ግን ያለው እዚያ ውስጥ ነው።