ናሽናልስ ሲበላሽ ከየት ጀምሮ ይፈተሻል?

ይህ ጽሑፍ የዋሽንግተን ናሽናልስን ለሚከታተል ሰው ነው። ቤዝቦልን ከዜሮ አያስተምርም። ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ፣ ሲዝኑ 162 ጨዋታ መሆኑን ታውቃለህ ብዬ እጀምራለሁ። ካላወቅህ ዩ ስትሪት ላይ አንድ የሚያውቅ ልጅ ፈልግ። ግሪን ላይን ባቡር ሳታቀያይሩ ኔቪ ያርድ፣ ስታዲየሙ ሰፈር፣ ያወርዳችኋል፤ እስክትደርሱ አስረድቶህ ይጨርሳል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ታክሲ ነጂ ነኝ። ቡድኑን የማውቀው ከሜዳው ይልቅ በሬዲዮ ነው። ጨዋታ ሲያልቅ ደግሞ በር ላይ ቆሜ የሚወጣውን ሰው ፊት አያለሁ። ሰዉ በየዓመቱ አዲስ በሽታ ያገኝለታል። አንዴ አሰልጣኙ ነው፣ አንዴ ባለቤቶቹ፣ አንዴ ዳኛው። እኔ ግን በፈታሁት ቁጥር የማገኘው ያንኑ አንድ ብልሽት ነው። እሱ ጋ እንደርሳለን። መጀመሪያ ሰው ቶሎ የሚጠረጥራቸውን እናውጣ።

ምልክት፦ ኤፕሪል ላይ ተስፋ፣ ጁን ላይ ዝምታ

መንስኤ ተብሎ የሚነገርህ "ቡድኑን እንደገና እየገነባን ነው" የሚለው ነው። በ2019 ወርልድ ሲሪስን፣ ማለትም የሊጉን ዋንጫ፣ በላን። ከዚያ በ2021 65፣ በ2022 55፣ በ2023 71፣ በ2024 እንደገና 71፣ በ2025 ደግሞ 66 ጨዋታ አሸነፍን። ይሄ ግንባታ ከመሠረት አልወጣም።

ተጠራጣሪ ነኝ እንጂ ጨለምተኛ አይደለሁም። ኦገስት 2022 ሁዋን ሶቶን ለሳንዲዬጎ ሲሰጡ በምትኩ የመጡት ልጆች ፎርጅድ አልነበሩም። ሲጄ ኤብራምስ በ2024፣ ጄምስ ውድና ማኬንዚ ጎር በ2025 ኦል ስታር ሆነዋል፤ ከሊጉ ምርጦች ተቆጥረዋል ማለት ነው። ከአንድ ንግድ ሶስት ኦል ስታር አግኝቶ 96 ጨዋታ የሚሸነፍ ቡድን ችግሩ የልጆች እጥረት አይደለም።

መፍትሄ፦ ከታችኛው ሊግ ስለሚመጣ ተአምረኛ ልጅ ሲያወሩልህ "ላም አለኝ በሰማይ" በልና እለፍ። ሜዳ ላይ ሲመጣ እናየዋለን።

ምልክት፦ ኮከቡ ሄደ

መንስኤ፦ ብር። ብራይስ ሃርፐር በ2019 መጀመሪያ ላይ በ330 ሚሊዮን ዶላር ፊላዴልፊያ ገባ። አንተኒ ሬንዶን ዋንጫው ከተበላ በኋላ ወደ ኤንጅልስ ሄደ። ማክስ ሸርዘርና ትሬይ ተርነር ጁላይ 2021 ተጠቅልለው ለዶጀርስ ተሰጡ። ሶቶ 440 ሚሊዮን አልፈልግም አለ። ሰው ሁሉ ሰደበው። በኋላ ሜትስ 765 ሚሊዮን ሰጠው። አሁን ማን ይፈርድበታል?

ግን አንድ ነገር ልብ በል። ዋንጫውን የበላነው ሃርፐር በሄደበት በዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ ኮከብ መሄዱ ያማል እንጂ ብልሽቱ እሱ አይደለም።

ማስጠንቀቂያ፦ ጀርባው ላይ ስም ያለበት ማሊያ አትግዛ። ከገዛህም የጡረተኛ ግዛ፤ ራያን ዚመርማን የትም አይሄድም።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ሰውዬው ሄደ ማለት ደሞዙ ሄደ ማለት አይደለም። ሸርዘር ከ210 ሚሊዮኑ ግማሹን ቆይቶ እንዲከፈለው ነው የተዋዋለው። እስከ 2028 በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ከዋሽንግተን ይቀበላል፣ የትም ይጫወት። ስቲቨን ስትራስበርግ ደግሞ ከዋንጫው በኋላ የ245 ሚሊዮን ውል ፈርሞ 8 ጨዋታ ብቻ ጀምሮ ሰውነቱ እምቢ አለው። እሱን አልቀየመውም፤ ዋንጫውን ያመጣው እሱ ነው። ግን በጀቱ ሲጎድል የት እንደገባ አትጠይቀኝ።

ምልክት፦ አሰልጣኙ ተባረረ፣ ሰው ጨፈረ

ጁላይ 6 ቀን 2025 አሰልጣኙን ዴቭ ማርቲኔዝንና ተጫዋች የሚገዛውን ኃላፊ ማይክ ሪዞን በአንድ ቀን አሰናበቷቸው። ያን ቀን ታክሲዬ ውስጥ የገባ ሁሉ ደስ ብሎታል። ቁጥሩን ግን እይ። ከመባረራቸው በፊት ቡድኑ 37 አሸንፎ 53 ተሸንፏል። ከተባረሩ በኋላ 29 አሸንፎ 43 ተሸንፏል። በመቶኛ ስታሰላው 41 የነበረው 40 ሆነ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይሄ ነው።

ከዚያ ፖል ቶቦኒ ከቦስተን መጥቶ ኃላፊ ሆነ። አሰልጣኝ አድርጎ ብሌክ ቡቴራን ሾመ፤ ሲሾም 33 ዓመቱ ነበር። ልጅ ነው ብዬ አልንቀውም። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፣ እሱም ቀጥሎ ያለው ነው።

ምልክት፦ እየመራን ሰባተኛው ኢኒንግ ያልፋል፣ ሲያልቅ ግን ተሸንፈናል

ዋናው ይሄ ነው። ሌላውን ሁሉ ዘለህ እዚህ ብትጀምርም አልቆጣም።

መንስኤ፦ ቡልፔን። ጨዋታውን የጀመረው ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው፣ ሲደክም የሚገቡት ተተኪዎች ማለት ነው። የመኪና ፍሬን በለው። ይሄ ቡድን ለሞተር 200 ሚሊዮን ያወጣል፤ ፍሬን ሸራ ላይ ሲደርስ ኪሱን ይዳብሳል።

ብልሽቱ በሆም ራን አይጀምርም። በዎክ ነው የሚጀምረው፤ ፒቸሩ አራት ኳስ ወደ ውጭ ሲወረውር መቺው በነጻ አንደኛ ቤዝ የሚሄድበት ነው። አዲሱ ተተኪ ሮጦ ይገባል። የመጀመሪያው ኳስ ወደ ውጭ ይወጣል። ሁለተኛው መሬት ይመታል፣ ካቸሩ በደረቱ ያቆመዋል። ፒቸሩ የነጩን ዱቄት ከረጢት ያነሳል፣ ይጥላል፣ ኮፍያውን ያስተካክላል። እንደምንም ሶስት ውጭ፣ ሁለት ስትራይክ ላይ ይደርሳል። የመጨረሻው ኳስ ከጉልበት በታች ሾልኮ ያልፋል፤ መቺው ባቱን ጥሎ እየተዝናና አንደኛ ቤዝ ይሄዳል። ሬዲዮ ላይ ተራኪው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። እኔ ሞተር አስነሳለሁ። ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰው ከበሩ መውጣት ይጀምራል።

የዚህ ብልሽት ታሪክ ረጅም ነው።

በ2012 ቡድኑ 98 ጨዋታ አሸንፏል። ከሊጉ ሁሉ አንደኛ። ኦክቶበር 12 ማታ በፕሌይ ኦፉ፣ ከሲዝኑ በኋላ ባለው ጥሎ ማለፍ፣ ከሴንት ሉዊስ ጋር አምስተኛውና ወሳኙ ጨዋታ ነበር። 6 ለ 0 መራን። ቀስ በቀስ ተቃረቡን። በዘጠነኛው ኢኒንግ 7 ለ 5 እየመራን፣ የነሱ ሁለት መቺ ወጥቶ፣ ለማሸነፍ አንድ ስትራይክ ብቻ ቀርቶን ነበር። ድሩ ስቶረን ያዲየር ሞሊናን በዎክ አሳለፈ። ዴቪድ ፍሪስንም በዎክ አሳለፈ። ከዚያ ሁለት ምት፣ አራት ነጥብ፣ 9 ለ 7። ሰው እስከ ዛሬ ስቶረንን ይሰድባል። እኔ የምለው ስድስት ነጥብ መሪነት አንድ ሰው ብቻውን አይጨርሰውም ነው።

በ2016 ከዶጀርስ ጋር፣ እንደገና አምስተኛ ጨዋታ። ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ 1 ለ 0 እየመራን ነበር። በዚያ አንድ ኢኒንግ ስድስት ፒቸር ተጠቀሙ። ስድስት! ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። አራት ነጥብ ገባብን፣ 4 ለ 3 ተሸነፍን።

በ2017 ደግሞ ያው ኦክቶበር 12 ማታ፣ ያው አምስተኛ ጨዋታ፣ ከቺካጎ ከብስ ጋር። ቡልፔኑን ስላላመኑት ትልቁን ጀማሪ ሸርዘርን በአምስተኛው ኢኒንግ በተተኪነት አስገቡት። አራት ነጥብ ገባበት። 9 ለ 8።

ሰው "ዕድል ነው" ይላል። ዕድል ቢሆን ዕቃው ሌላ ቤት ሄዶም ይበላሽ ነበር። ብሌክ ትራይነንን አስታውስ። በ2017 መጀመሪያ የኛ ክሎዘር፣ ማለትም መጨረሻ ላይ ገብቶ ጨዋታ የሚዘጋው ፒቸር፣ ነበር። አልሆነለትም፣ ጁላይ ላይ ለኦክላንድ ሰጡት። በቀጣዩ ዓመት እዚያ በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ 0.78 ነጥብ ብቻ ነው የሰጠው። አንድ ነጥብ እንኳ አይሞላም! ካይል ፊኒጋንም በ2025 ጁላይ መጨረሻ ወደ ዲትሮይት ተሸጠ። ስፕሊተር የሚባለውን ውርወራውን አብዝቶ ይጠቀም ጀመር፣ ሌላ ሰው ሆነ። ያው ክንድ ነው። ስለዚህ ብልሽቱ ሁለት ነው፦ አንዱ ርካሽ ዕቃ መግዛት፣ ሌላው ደህና ዕቃ ይዞ መገጣጠም አለማወቅ። ሁለተኛው ነው የሚያበግነኝ።

2025 ሁለቱንም አንድ ላይ አሳየን። በፈረንጅ ክረምት፣ ሲዝኑ ሳይጀመር፣ በርካሽ ከሰበሰቧቸው ሉካስ ሲምስና ኮሊን ፖሼ ጁን ሳይገባ ተሰናበቱ። ቡልፔኑ በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ ከአምስት ነጥብ በላይ እየሰጠ ከ30ዎቹ ቡድኖች መጨረሻ ሆነ። ጄምስ ውድ 31 ሆም ራን ሲመታ እነሱ ከኋላ ይመልሱታል።

"2019ስ? ያኔም ቡልፔኑ ቀሽም ነበር፣ ግን ዋንጫ በላን" ትለኛለህ። ልክ ነህ። ሜይ መጨረሻ ግድም ድረስ 19 ጨዋታ አሸንፎ 31 የተሸነፈው በዚሁ ምክንያት ነበር። በፕሌይ ኦፉ ግን ቡልፔኑን አልጠገኑትም፤ ዘለሉት። ስትራስበርግ፣ ሸርዘርና ፓትሪክ ኮርቢን ጀማሪ ሆነው ሳሉ በተተኪነትም ገቡ። ከቡልፔኑ የታመኑት ሾን ዱሊትልና ዳንኤል ሃድሰን ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። ሂውስተን ላይ የዋንጫውን ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ሸርዘር አምስት ኢኒንግ፣ ኮርቢን ሶስት፣ ሃድሰን የመጨረሻዋን ወረወሩ። 6 ለ 2። በ2017 የገደለን ዘዴ በ2019 አዳነን።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ዘዴ ለኦክቶበር ብቻ ነው። የዕረፍት ቀን በሌለበት ኦገስት ብትሞክረው ክንድ ትበጥሳለህ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሶስት እንደዚያ ዓይነት ጀማሪ ከሌለህ ጭራሽ አትሞክረው።

ማስጠንቀቂያ፦ "ክሎዘር እንግዛ፣ ያልቃል" የሚልህን አትስማ። ክሎዘር ዘጠነኛውን ነው የሚዘጋው። የኛ ቤት የሚያፈሰው ከሰባተኛው ነው።

መፍትሄ፦ ሌላው ቡድን የጣለውን በአንድ ዓመት ውል መልቀም ማቆም። ሁለት አስተማማኝ ተተኪ ከክረምቱ መጀመሪያ መያዝ እንጂ ፌብሩዋሪ ላይ የተረፈውን አለመጥረግ። ካሉት ልጆች ደግሞ ለእያንዳንዱ የትኛው ውርወራው እንደሚሰራ ለይቶ እሱን ማስወርወር። ዲትሮይት ያደረገው ይሄንኑ ነው፣ ምንም ምስጢር የለውም። ለቶቦኒና ለቡቴራ ያለኝ ጥያቄም ይሄ ብቻ ነው። ሥራቸውን መመዘን ከፈለግህ የድል ቁጥሩን ለጊዜው ተወው። ከሰባተኛው ኢኒንግ በኋላ ስንት ዎክ ሰጡ? እሱን ቁጠር።

አልፎ አልፎ የሚታዩ ብልሽቶች

ጄምስ ውድ ስትራይክ አውት (በሶስት ስትራይክ መውጣት) ይበዛበታል፦ በ2025 221 ጊዜ፣ ከአንድ ሲዝን ሪከርዱ በሁለት ያነሰ። አትንካው፤ ጁን ላይ በአንድ ጨዋታ አራት ጊዜ ሆን ብለው በዎክ ያሳለፉት ስለፈሩት ነው።

ጨዋታው ይረዝማል፦ ከ2023 ጀምሮ ለፒቸሩ ሰዓት ስለተቆረጠለት ተፈቷል። ዘጠነኛው መንገድ ያለው ሐበሻ ቤት ግን ወሬው አልደረሰም። አርሰናልን ቀይሩልኝ ስል አስተናጋጁ ዛሬም "ጋሼ፣ ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?" ይለኛል።

ቴዲ ሩዝቬልት በጨዋታ መሃል የድሮ ፕሬዝዳንቶችን መስለው የለበሱ ሰዎች በሚሮጡት ሩጫ ይሸነፋል፦ ኦክቶበር 3 ቀን 2012 ተጠግኗል።

ምልክት፦ ሳያልቅ ወጥተህ ትቆጫለህ

መንስኤ፦ ከላይ ያለው ሁሉ። ተጎድተሃል፣ እረዳሃለሁ። ግን ቡልፔን የሚበላሽበት ሌላም ቡድን አለ።

ሴፕቴምበር 3 ቀን 2019 ከሜትስ ጋር ነበር። ዘጠነኛው ኢኒንግ አጋማሽ ላይ 10 ለ 4 ተመራን። አንድ ሰው ኮፍያውን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ገባና ሲልቨር ስፕሪንግ አለኝ። ሬዲዮውን አጥፋልኝ አለ፤ ዝቅ አደረግሁት እንጂ አላጠፋሁትም። አንድ ነጥብ ገባ። ሌላ ገባ። 10 ለ 8 ሲሆን ሰውዬው ከኋላ ወንበር ወደ ፊት መጥቶ ጆሮውን ደቅኗል። "መልሰኝ" አለ። መለስኩት። መንገድ ላይ ሳለን ከርት ሱዙኪ ሶስት ነጥብ የሚያስገባ ሆም ራን መታ፣ 11 ለ 10። ሀፍ ስትሪት ስንደርስ ሰዉ እየጮኸ ይወጣል። ሰውዬው ወርዶ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ተቃቀፈና ተመልሶ ገባ። "አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ" አለኝ። ቆጣሪውን አላጠፋሁትም ነበር።