ጎብኚው በዛ፣ ትዕዛዙስ? የዌብሳይት ትራፊክ ስንለካ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ለትንሿ ንግዴ ዌብሳይት ያሠራሁ ሰሞን፣ ጠዋት ከአልጋ ሳልነሳ የማየው የጎብኚ ቁጥር ነበር። ከፍ ካለ ቀኑ ያምርልኛል፣ ዝቅ ካለ ሰው ማናገር ያስጠላኛል። ወር ያህል እንዲህ ከርሜ ነው ዋናው ጎብኚ እኔው ራሴ እንደሆንኩ የገባኝ። አንድ ፎቶ በቀየርኩ ቁጥር ገጹን በስልክ እከፍታለሁ፣ በላፕቶፕ እከፍታለሁ፣ «እስቲ አንተ ጋ እንዴት ይታያል?» ብዬ ለጓደኛዬ ሊንኩን እልካለሁ። ቆጣሪው ምን ያውቃል፤ ሁላችንንም ቆጥሮ ቁጭ!

ራስን እንደ ደንበኛ መቁጠር

በቀን 10,000 ሰው ለሚገባበት ዌብሳይት የሠራተኞቹ 30 ክሊክ ከቁጥር አይገባም። በቀን 50 ጎብኚ ላለው ትንሽ ንግድ ግን 30ው የራሱ ሰው ከሆነ፣ ሪፖርቱ የሚያሳየው የገበያውን ሳይሆን የባለቤቱን ውሎ ነው።

የዌብሳይት ጎብኚን የሚቆጥረው የጎግል መሣሪያ፣ ጎግል አናሊቲክስ ላይ፣ የቢሮን አይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት መስመሩን መለያ ቁጥር) «የውስጥ ትራፊክ»፣ ማለትም የራስ ሰው ጉብኝት፣ ብሎ ለይቶ በማጣሪያ ከቁጥሩ ማስወጣት ይቻላል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ማጣሪያው መጀመሪያ ላይ የሚቀመጠው በሙከራ ደረጃ ነው፤ ገብታችሁ ሥራ ካላስጀመራችሁት አንድም ነገር አያጣራም። የስልክ ዳታ አይፒ ስለሚቀያየር ሙሉ በሙሉ አይጠራም፣ ቢሆንም የባሰውን ያስቀራል።

እግረ መንገዳችሁን ገጹ ላይ የሚገባው የአናሊቲክስ መቁጠሪያ ኮድ ሁለት ጊዜ አለመገጠሙን እዩ። ገጹን የሠራው ባለሙያ አንዴ ያስገባዋል፣ በኋላ ሌላ ሰው ይጨምርበታል፣ እያንዳንዱ የገጽ እይታ እጥፍ ይሆናል። ገቢው ባለበት ቆሞ ቁጥሩ ድንገት እጥፍ ካደገ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

የገባውን መቁጠር፣ ያደረገውን መርሳት

ድሮ «ሂት» የሚባል መለኪያ ነበር። ሰርቨሩ (ዌብሳይቱ የተቀመጠበት ኮምፒውተር) የሚልከው እያንዳንዱ ፋይል አንድ ሂት ነው፤ ስለዚህ 20 ፎቶ ያለበትን ገጽ አንድ ሰው አንዴ ሲከፍተው ቢያንስ 21 ሂት ይመዘገባል። ዛሬም «በወር መቶ ሺህ ሂት አለን» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

እኛም ግን ከዚያ ብዙ አልራቅንም። ስንት ሰው ገባ እንላለን እንጂ የገባው ምን አደረገ ብለን አንጠይቅም። ስልክ ቁጥሩን ነካ? የትዕዛዝ ቅጹን ሞልቶ ላከ? ወይስ ሞልቶ መጨረሻ ላይ ተወው? አናሊቲክስ እነዚህን «ኪ ኢቨንት» ይላቸዋል፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2024 መጀመሪያ ድረስ «ኮንቨርዥን» ነበር የሚላቸው። ለንግዳችሁ የሚጠቅመው የትኛው እንደሆነ ግን ራሱ አያውቅም፣ እናንተ ልትነግሩት ይገባል። ሳይነገረው ዓመት ሙሉ የሚሠራ ስንት አለ!

ደግሞ ስልክ ቁጥሩን ፎቶ ላይ ጽፎ የሚለጥፍ አለ። ያንን ደንበኛው ነክቶ መደወል አይችልም፣ ስለዚህ አይቆጠርም። በሌላ ስልክ ደውሎ ትዕዛዝ ቢሰጥም፣ ገጹ ላይ 8 ሰከንድ ቆይቶ ስለወጣ ሪፖርቱ ውስጥ የሚገባው እንዳልተሳካ ጉብኝት ነው። ጉብኝቱ «ቁም ነገር ያለው» የሚባለው ከ10 ሰከንድ በላይ ሲቆይ፣ ሁለት ገጽ ሲያይ ወይም ኪ ኢቨንት ሲፈጽም ነውና።

«ዳይሬክት» የሚለውን ማመን

ሪፖርቱ ላይ «ዳይሬክት» የሚል መስመር አለ። ብዙዎቻችን «እነዚህ አድራሻችንን በቃላቸው ይዘው የገቡ ናቸው» ብለን እንደሰታለን። እውነቱ ሌላ ነው፤ አናሊቲክስ ከየት እንደመጡ ያላወቃቸው ሁሉ እዚያ ይጣላሉ። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ የተላከ ሊንክ ብዙ ጊዜ መነሻውን ይዞ አይመጣም።

መፍትሔው ሊንኩ ላይ ምልክት መጨመር ነው፤ ዩቲኤም ይባላል። ስሙ የመጣው ጎግል በ2005 ከገዛው ኧርቺን ከተባለው ኩባንያ ነው፣ አናሊቲክስም የተወለደው ከዚያው ነው። ሊንኩ ጭራ ላይ ሦስት ነገር ትጽፋላችሁ፦ ምንጩን፣ የመንገዱን ዓይነትና የዘመቻውን ስም። ለምሳሌ ምንጭ ቴሌግራም፣ መንገድ መልእክት፣ ዘመቻ አዲስ ዕቃ። የታተመ ካርድ ላይ ለሚወጣው ኪውአር ኮድም የራሱ ምልክት ያለው ሊንክ ስጡት። ያኔ ካርዱ ያስገኘውን ከፌስቡክ ማስታወቂያው ለይታችሁ ታያላችሁ።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሹ ይለያል፤ ፌስቡክን አንዴ በትልቅ ፊደል፣ አንዴ በትንሽ ብትጽፉት ሁለት ምንጭ ሆኖ ይመጣል። ሁሉንም በትንሹ ጻፉ፣ ዝርዝሩንም አንድ ቦታ አስቀምጡ።

አማካዩን ብቻ ማየት

እንበል በወር 1,000 ሰው ገብቶ 20 ትዕዛዝ መጣ። 2 በመቶ ነው፣ ክፉ አይደለም ብላችሁ ትዘጉታላችሁ። አሁን በመሣሪያ ከፋፍሉት። በስልክ የገቡት 800 ናቸው፣ ያዘዙት 4። በኮምፒውተር የገቡት 200 ናቸው፣ ያዘዙት 16። አንዱ ግማሽ በመቶ፣ ሌላው 8 በመቶ!

ሰዎች በስልክ ከኮምፒውተር ያነሰ መግዛታቸው የተለመደ ነው፣ ይህን ያህል ከተራራቀ ግን ችግሩ ገጹ ላይ ሊሆን ይችላል። ራሳችሁ በስልክ ገብታችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለማዘዝ ሞክሩ። የቻት ምልክቱ «ትዕዛዝ ላክ» የሚለውን ቁልፍ ሸፍኖት ልታገኙት ትችላላችሁ። ይህንን ሳያዩ ማስታወቂያ ላይ ገንዘብ መጨመር በተቀደደ ጆንያ እህል እንደ መስፈር ነው።

በትንሽ ቁጥር ትልቅ ወሬ

2 ትዕዛዝ 3 ሲሆን «50 በመቶ አደግን!» ይባላል። አላደጋችሁም፣ አንድ ሰው ገዛ። ዋጋውንም ፎቶውንም ርዕሱንም በአንድ ሳምንት ቀይሮ የትኛው እንደሠራ መገመትም ያው ነው።

ሁለት ሪፖርት እኩል ካልሆነ ብሎ መጨነቅ

የማስታወቂያው ሪፖርት 100 ክሊክ ይላል፣ አናሊቲክስ 70 ጉብኝት። አንዱ ገጹ ሳይከፈት ተመልሷል፣ አንዱ ኩኪ (ጎብኚውን ለመለየት ብሮውዘሩ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ፋይል) አልፈቀደም፣ አንዱ ሁለቴ ነክቷል። ልዩነቱ ከወር ወር ተመሳሳይ ከሆነ ተዉት፣ ድንገት ከሰፋ ነው መመርመር።

ደንበኛውን አለመጠየቅ

አንዲት ደንበኛ ኢንስታግራም ላይ አየችን እንበል። ከሳምንት በኋላ ስማችንን ጎግል ላይ ፈልጋ ገብታ ገዛች። ምስጋናው በአብዛኛው ለጎግል ይሄዳል፣ እኛም የኢንስታግራሙን ሥራ እንተወዋለን። ትዕዛዝ ስትቀበሉ «ከየት ሰማችሁ?» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም። እኔ ከማንኛውም ሪፖርት የበለጠ የተማርኩት ከዚህች ጥያቄ ነው።

የቆየ መረጃ ለዘላለም ይኖራል ማለት

አናሊቲክስ ለዝርዝር ትንተና የሚውለውን መረጃ ካልነካችሁት የሚያቆየው 2 ወር ብቻ ነው። በነጻው ሥሪት ወደ 14 ወር ማሳደግ ይቻላል፣ አንዴ የተሰረዘውን ግን አይመልስም። የቀድሞው ዩኒቨርሳል አናሊቲክስ በ2023 ጁላይ 1 ቀን መቁጠር ሲያቆም፣ በዓመቱ ደግሞ ሲዘጋ፣ ፋይሉን ያላወረደ ሰው የዓመታት ታሪኩን አጣ።

እኔ አሁን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የምከፍተው። ከጎኑ ደብተር አለኝ፦ «ማክሰኞ፣ የመጀመሪያው ፎቶ ተቀየረ። ሐሙስ፣ ለነባር ደንበኞች መልእክት ተላከ። ዓርብ፣ ዌብሳይቱ ሁለት ሰዓት አልሠራም።» ዓርብ ቁጥሩ ለምን እንደወረደ አናሊቲክሱ አልነገረኝም፣ ደብተሩ ነው የነገረኝ።