በእጅ የተቀባ ጥንታዊ የዳም ቤተ መንግሥት ኅትመትን እንዴት መመርመር ይቻላል

በአምስተርዳም ዳም አደባባይ ያለው ቤተ መንግሥት ሲሠራ ማዘጋጃ ቤት ነበር። ያኮብ ፋን ካምፐን ነደፈው፤ በ1655 እ.ኤ.አ. ተመረቀ፤ የሆላንድ ንጉሥ ሉዊ ናፖሊዮን በ1808 መኖሪያው አደረገው። በዚያው ዓመት ከፊቱ የነበረውን የሚዛን ቤት አስፈረሰ። ኅትመቱ የቱን ዘመን እንደሚያሳይ ለማወቅ እነዚህ ዓመታት ይጠቅማሉ።

10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ የእጅ ባትሪና ማስመሪያ ያዘጋጁ። ኅትመቱን ከክፈፉ ያውጡት። ከመስተዋቱ ጋር ከተጣበቀ ግን አይጎትቱት፤ ቀለሙ መስተዋቱ ላይ ይቀራል።

1. ሰማዩንና ጥቁሩን መስመር በመነጽር ይዩ። በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ከታዩ የዘመናችን የማተሚያ ማሽን ሥራ ነው፤ ከዚህ በላይ መድከም አያስፈልግም። በጥንቱ ዘዴ ከተቀረጸ የመዳብ ሰሌዳ የታተመ መስመር ሙሉ ነው፤ ባትሪውን ከጎን ሲያበሩበት ቀለሙ ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይታያል።

2. በሥዕሉ ዙሪያ ሰሌዳው ወረቀቱን ተጭኖ የተወውን ጎድጎድ ያለ ጠርዝ ይፈልጉ። ዳሩ ከተቆረጠ ላይገኝ ይችላል። ሆን ተብሎ በባዶ ሰሌዳ የተጫነም ስላለ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

3. ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያንሡ። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ወረቀት ከሆነ ወረቀቱ በተሠራበት ወንፊት ሽቦ የተፈጠሩ ቀጫጭን መስመሮች፣ እነሱንም በ2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ልዩነት የሚያቋርጡ መስመሮች ይታያሉ። መስመር አልባው ለስላሳ ወረቀት በ1750ዎቹ የመጣ ነው፤ አሮጌ ሰሌዳ ዘግይቶ ታትሞበት ሊሆን ይችላል።

4. ጽሑፉን ያንብቡ። «ፓላይስ» (ቤተ መንግሥት) የሚል ከሆነ ጽሑፉ ከ1808 በፊት የተቀረጸ ሊሆን አይችልም ማለት ይቻላል። ርዕሱ እንዲህ ሆኖ የሚዛን ቤቱ አሁንም ከፊት ከቆመ፣ አሳታሚው የቆየ ሰሌዳ ርዕሱን ብቻ ለውጦ እንደተጠቀመበት ይጠርጥሩ። ከላይ ያለው ርዕስ በመስተዋት እንደሚታይ ጽሑፍ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ቢታይ ደግሞ ስሕተት አይደለም፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በመስተዋትና በሌንስ እንዲታዩ የተዘጋጁ ሥዕሎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ቀለማቸውም ደመቅ ያለና በችኮላ የተቀባ ነው።

5. ቀለሙን ይመርምሩ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ነው። በጥቁር ብቻ የታተመን እውነተኛ ሥዕል ለገበያ ሲባል ዛሬ መቀባት የተለመደ ነው። ገልብጠው ጀርባውን ይዩ፦ በዘመኑ የተቀባ ከመዳብ የተሠራ አረንጓዴ ወረቀቱን ስለሚበላ ከኋላ ቡናማ ጥላ ይተዋል። ቀለሙ በእጥፋትና በስንጥቅ ውስጥ ጠቆር ብሎ ከተጠራቀመ ግን ቀቢው የመጣው ወረቀቱ ከተጎዳ በኋላ ነው። ሥዕሉ ሐሰት አይሆንም፤ ዋጋው ግን ሊቀንስ ይገባል።

ሲሰቅሉት ፕላስተር አይለጥፉበት፤ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሻል። በጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ ከላይ ሁለት ቦታ ብቻ ይያዝ፤ መስተዋቱም በጥጥ ካርቶን ከሥዕሉ ይራቅ። ፀሐይ የሚያገኘው ግድግዳ አይሆንም። ቆሻሻውን በእርጥብ ጨርቅ ለመጥረግ አይሞክሩ፤ የውኃ ቀለም ነውና አብሮ ይነሣል።